የተማሪ ቁጥር መጨመሩን ሲያቆም የትምህርት ቤቱን ገንዘብ እንዴት እናስላ?

ከደምበጫ ወጣ ብሎ ወፍጮ ቤት አለኝ። የመንደራችን ትምህርት ቤት የወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) ገንዘብ ያዥም እኔው ነኝ። ሰሞኑን የሌላ ቀበሌ ገንዘብ ያዥ ጤፍ ሊያስፈጭ መጣና «ጋሼ፣ የእኛ ተማሪ እንደ ድሮው አልጨምር አለ። ገንዘቡም አልበቃ አለ። ምን ይሻላል?» አለኝ። ዱቄቱ እስኪወርድ ያጫወትኩትን ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ገንዘቡ በየት በየት እንደሚመጣ ለዩ። ደመወዝ የሚከፍለው ወረዳው ነው፣ ከክልል በሚወርድለት ጥቅል በጀት (ብሎክ ግራንት)። እሱ እናንተ እጅ አይገባም። በ2001 በተጀመረው የትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም የመጣው የትምህርት ቤት ድጎማ (ስኩል ግራንት) ግን በተማሪ ራስ የሚሰላ ነው። ቁጥሩ ቆሞ ከቀረ እሱም ቆሞ ይቀራል። የጠመኔ ዋጋ ግን መቼ ቆሞ ያውቃል! ሦስተኛው የራሳችሁ ገቢ ነው። ወደሱ እመለሳለሁ።

ቀጥሎ ርዕሰ መምህሩን የአምስት ዓመት የምዝገባ መዝገብ ጠይቁት። ጠቅላላ ድምሩን አትመኑት። አንደኛ ክፍልን ብቻ ነጥላችሁ በወረቀት ጻፉ። የዘንድሮ አንደኛ ክፍል ከአምስት ዓመት በኋላ ስድስተኛ ክፍላችሁ ነው። እሱ ከሳሳ፣ ላይኞቹ ክፍሎች ለጊዜው ቢሞሉም የቁጥሩ መቀነስ ወደ ላይ እየወጣ ነው።

ምክንያቱ አንዳንዴ ቀላል ነው፤ ልጅ ቀንሷል። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ መሠረት በክልላችን በአማራ አንዲት እናት በ1997 በአማካይ 5.1 ልጅ ትወልድ ነበር። በ2008 ወደ 3.7 ወርዷል። በ2008 የተወለደው ልጅ በሰባት ዓመቱ አንደኛ ክፍል የሚገባው በ2015 ነው። እናቴ ዘጠኝ ወልዳለች። እኔ አራት አለኝ። ልጄ ሁለት ላይ «በቃኝ» ብላለች።

ግን ሁሉንም ባልተወለደ ልጅ አታሳብቡ። የስም መጥሪያውን ያዙና በስም ውረዱ። መልቀቂያ ወስዷል? እንግዲያው ሌላ ትምህርት ቤት ነው፣ ተዉት። መልቀቂያ ሳይወስድ የጠፋውን ነው መጠየቅ። አንዱ ከብት ይዞ ጋራው ላይ ነው። አንዱ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዷል። አንዱ ቅኔ ሊማር ደብረ ኤልያስ ሄዷል። አንዷ ጥር ላይ ተድራለች። ከጎረቤት ሁለት ቃል ብትጠይቁ ሁሉም ይታወቃል። ያልተወለደውን ማምጣት አይቻልም፤ የእረኛውን አባት ግን ሽማግሌ ይዞ መለመን ይቻላል። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በጸጥታው ምክንያት ትምህርት የተቋረጠበትን ዓመት ደግሞ ለብቻ ምልክት አድርጉበት። ከደህናው ዓመት ጋር ካነጻጸራችሁት ሒሳቡ ሁሉ ይበላሻል።

አደራ፣ የቀረ ልጅ ስም መዝገብ ላይ አታቆዩ። እኛ አንድ ዓመት አድርገነዋል። ግራንቱ እንዳይቀንስ ብለን ነው። አንድ ጠዋት ልጆቹ ለባንዲራ ተሰልፈው ሳለ ሱፐርቫይዘር ከች አለ። በጣቱ እየጠቆመ አንድ በአንድ ቆጠራቸው። እኔ ባሕር ዛፉን እያየሁ ቆምኩ። ከዚያ በኋላ እውነተኛ ቁጥር ይዘን ስንሄድ እንኳ የሚያምነን ጠፋ።

አሁን ወደ ወጪው። ወፍጮ አንድ ቁናም ፈጨበት አምስት ኩንታል፣ ድንጋዩ ያው ይዞራል፣ ዘበኛውም ያው ይከፈለዋል። ትምህርት ቤትም እንደዚያ ነው። ወጪያችሁን ሦስት ቦታ ክፈሉት፦ በልጅ የሚሄድ፣ በክፍል የሚሄድ፣ በግቢ የሚሄድ። አንድ ክፍል ከ52 ወደ 44 ወረደ እንበል። የስምንት ልጅ ግራንት ይቀርባችኋል። የሚተርፋችሁ ስምንት የፈተና ወረቀት ነው። ጠመኔው ያው፣ የዴስክ ጥገናው ያው፣ የሚያፈሰው ቆርቆሮም ያው ነው። ወላጅ ስብሰባ ላይ «ልጅ ከቀነሰ ወጪውስ ለምን አይቀንስም?» የሚል አይጠፋም። ይቺን ሒሳብ ሰሌዳ ላይ ጻፉለት።

ወረዳው ግን ሌላ ሒሳብ አለው። መለኪያው በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው። በሦስት ክፍል የተቀመጡ 99 ልጆች ካሏችሁ፣ ሁለት ክፍል ይበቃቸዋል ብሎ አንድ መምህር ሊያነሳ ይችላል። ለእኔ 33 ልጅ ያለበት ክፍል ጸጋ ነው፤ መምህሩ የእያንዳንዱን ደብተር ያያል። ይህን ግን በአፍ ብቻ ብትሉት ማንም አይሰማችሁም። ጤና ኬላ ሂዱና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን አነጋግሩ። የየቤቱ የቤተሰብ ማኅደር እሷ ጋ አለ። በመጪው መስከረም ሰባት ዓመት የሚሞላቸውን፣ የከርሞዎቹንም ቆጥራችሁ ያዙ። ወረዳ የምትሄዱት ደግሞ በግንቦት ይሁን። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የምዝገባው ቁጥር ተጠናቆ እስኪመጣ ከጠበቃችሁ በጀቱ ተደልድሎ አልቋል።

የቀረው የራሳችሁ ገቢ ነው። የግቢውን ሣር በዘመድ አትስጡ፤ በጨረታ ሽጡ፣ ደረሰኝ ቁረጡ፣ ገንዘቡን በሁለት ሰው ፊርማ ባንክ አስገቡ። ባሕር ዛፉን ደግሞ ነጋዴ በቁሙ ልግዛችሁ ሲላችሁ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ግንዱን ቁጠሩ። እኛ ሳንቆጥር ሸጠን፣ ሰውየው ጭኖ ጭኖ አልጨርስ ሲል ነው የነቃነው። አንዴ ከተቆረጠ ጉቶው አቆጥቁጦ ለሽያጭ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ በአንዴ አትጨርሱት። ያንን የአንደኛ ክፍል ወረቀት አውጡና ግራንቱ ይሳሳል ብላችሁ የምትጠብቁት በየትኛው ዓመት እንደሆነ እዩ። ለዚያ ዓመት የሚሆነውን የባሕር ዛፍ መደዳ በቀለም ምልክት አድርጉበትና ለዘበኛው አሳዩት።