በይግባኝ መካከል ተከራካሪ ሲሞት ወራሾችን ስለ መተካት

በወረዳ ፍርድ ቤት የተወሰነ የቤት ክርክር በይግባኝ ደሴ ወደሚገኘው የደቡብ ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከደረሰ በኋላ ከተከራካሪዎቹ አንዱ ቢሞት፣ የተከሰሰበት ወይም የጠየቀው መብት ለወራሽ የሚተላለፍ እስከሆነ ድረስ መዝገቡ በሞት ምክንያት ብቻ አይዘጋም። የፍቺ ጥያቄ ከተጋቢዎቹ አንዱ ሲሞት ያበቃል፤ የጋራ ንብረት ክፍፍሉ ግን ይቀጥላል።

በቅድሚያ የሞቱ ቀን ይግባኙ ከቀረበበት ቀን ጋር ይነጻጸር። ሟቹ ያረፈው ይግባኙ ከመቅረቡ በፊት ከሆነ ወራሾቹ ከመነሻው በራሳቸው ስም ይግባኝ ማለት ይገባቸዋል፤ መተካት የሚባለው ይግባኙ በሕይወት ባለ ሰው ስም ተከፍቶ በሂደት ላይ ሳለ ሞት ሲደርስ ነው። ይህ ልዩነት ቀላል ይመስላል፣ ነገር ግን በሟች ስም የተከፈተ መዝገብ ብዙ ቀጠሮ ያባክናል። ሟቹ ጠበቃ ወክሎ ከነበረም ውክልናው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ በወካዩ ሞት ስለሚቋረጥ ጠበቃው ሞቱን ለችሎቱ አሳውቆ ከወራሾቹ አዲስ ውክልና ሊይዝ ይገባል።

ቀጥሎ የወራሽነት የምስክር ወረቀት ነው። ይህ ወረቀት በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 996 መሠረት ከፍርድ ቤት የሚጠየቅ ሲሆን፣ ውርስ የሚከፈተው በቁጥር 826 መሠረት ሟቹ ዋና መኖሪያው በነበረበት ቦታ ስለሆነ ማመልከቻው የሚቀርበው በዚያው ነው። ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተገኘ የሞት ምስክር ወረቀትና ቤተሰቡን የሚያውቁ ምስክሮች ያስፈልጋሉ። በእኛ አገር የቅሬ (የዕድር) ሰብሳቢ ሟቹን ከመቅበር አልፎ የማን ልጅ የት እንደሄደ ስለሚያውቅ ጥሩ ምስክር ይሆናል፤ ሆኖም የቅሬው ደብዳቤ የፍርድ ቤቱን ወረቀት አይተካም። ሟቹ ሙስሊም ከነበረና ሁሉም ወራሾች ከተስማሙ የሸሪዓ ፍርድ ቤትም ሊመረጥ ይችላል፤ በአንድ ቤት ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ወራሾች ባሉበት፣ እንደ ወሎ ብዙ ቤት፣ ስምምነቱ አስቀድሞ ካልተረጋገጠ መደበኛውን ፍርድ ቤት መምረጥ ይሻላል ባይ ነኝ።

አብዛኛው እንቅፋት የሚመጣው ከስም ነው። በፍርዱ ላይ «እንድሪስ» ተብሎ በወራሽነቱ ወረቀት ላይ «ኢድሪስ» ከተጻፈ፣ ወይም የአያት ስም ከተዘለለ፣ ተቃራኒው ወገን ሌላ ሰው ነው ብሎ ሊከራከር ይችላልና የመተካት አቤቱታው ከመግባቱ በፊት ሁለቱ ይመሳከሩ። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ወራሽ ካለ የሞግዚቱ ስም አብሮ ይገባል።

የሞተው መልስ ሰጪው (ይግባኝ የተባለበት ወገን) ከሆነ ሥራው በይግባኝ ባዩ ላይ ይወድቃል። ሞቱንና ቀኑን ገልጾ፣ የታወቁትን ወራሾች ከነአድራሻቸው ዘርዝሮ፣ «በሟች ቦታ እንዲተኩና መጥሪያ እንዲደርሳቸው» በማለት በቃለ መሐላ የተደገፈ አቤቱታ ለዚያው መዝገብ ያቀርባል። ሟቹ ማረፉን እያወቁ ዝም ማለት አያዋጣም፤ ተተኪ ሳይኖር የተሰጠ ውሳኔ ለመሻር የተጋለጠ ነውና።

የተተካ ወራሽ ክርክሩን የሚቀጥለው ሟቹ ካቆመበት ነው፤ አዲስ ክርክር አይከፍትም። ችሎቱ መተካቱን ከፈቀደ በኋላ በሚሰጡት ትእዛዞችና በመጨረሻው ፍርድ ራስጌ ላይ የወራሾቹ ስም መግባቱን ያረጋግጡ፤ የሟቹ ስም ብቻ ቀርቶ ከተገኘም ለአፈጻጸም ከመሄድዎ በፊት ለዚያው ፍርድ ቤት በማመልከት ያስታርሙት።