ከዝግጅቱ 2 ቀን በፊት ያለውን ጻፉ

መፀው ሲገባ በዓሉ፣ የትምህርት ቤቱ ዝግጅትና አጫጭሩ ጉዞ ይደራረባል። እኛን በጣም የረዳን ነገር ልንገራችሁ። ቀን መቁጠሪያው ላይ ዝግጅቱን ብቻ ሳይሆን፣ ከ2 ቀን በፊት መሠራት ያለበትንም እንጽፋለን። አርብ የልጆቹ ትርኢት ካለ፣ ረቡዕ ላይ «ነጭ ሸሚዝ ይታጠብ» ይላል። ሌሊት እርጥብ ሸሚዝ በካውያ ማድረቅ ቀረልን! ወረቀቱን ፍሪጁ በር ላይ፣ በልጆቹ ቁመት ልክ ለጥፉት፤ ራሳቸው ያስታውሷችኋል።

ለጉዞ የጥርስ ብሩሽ፣ ቻርጀርና የትንሹ ልጅ ቅያሪ ልብስ ያለበት አንድ ቦርሳ ሁሌም ዝግጁ ይሁን። ስትመለሱ የጎደለውን ወዲያው ተኩ። የጉዞውን ማግስት ግን አደራ፣ ቀጠሮ አትያዙበት። ልጆቹም እናንተም እንቅልፍ ያስፈልጋችኋል።