የታሪክና የሃይማኖት መጻሕፍትን ሐረር ላይ ሲገመግሙ የሚሠሩ ስህተቶች (ከጓዝ ስህተቶች ጋር)

ስለ ሐረር የተጻፉ መጻሕፍት ዳሰሳዎች ብዙውን ጊዜ የቋንቋውን ማማርና የሽፋኑን ውበት አድንቀው ያበቃሉ። መጽሐፉ ያለው ነገር ልክ መሆኑን ግን የሚፈትሽ ጥቂት ነው።

ዓመተ ምሕረቱን እንዳለ መቀበል። በብዛት የሚታየው ስህተት ይኸኛው ነው። የምሥራቁ ታሪክ በሦስት አቆጣጠር ይጻፋል፤ በእኛው፣ በፈረንጁና በሂጅራው (በእስልምናው)። ከፈረንጁ ወደ እኛ ሲመለስ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ይቀነሳል። የጨለንቆ ጦርነት የተካሄደው በጃንዋሪ 1887 መጀመሪያ ስለሆነ በእኛ 1879 ነው፤ 1880 ብሎ የጻፈ ደራሲ 7 ቀንሷል ማለት ነው። የሂጅራው ደግሞ በመቀነስ ብቻ አይመጣም፤ የጨረቃ ዓመት ከፀሐዩ በ11 ቀን ገደማ ያጥራል። የሽምብራ ኩሬ ውጊያን (ማርች 1529) እንውሰድ። ሂጅራው የሚጀምርበት 622 ሲቀነስ 907 ይመጣል፤ ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። 907ን በ33 አባዝተው ለ32 ሲያካፍሉት ግን 935 ያገኛሉ፤ ትክክለኛው እሱ ነው። የ28 ዓመት ስህተት አንድን አሚር ከዘመኑ አውጥቶ ሌላ ዘመን ውስጥ ይከተዋል።

የግርጌ ማስታወሻን አለመክፈት። የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ዘመቻ ዋናው የዐረብኛ ምንጭ ፉቱሕ አል-ሐበሻ ነው። ትረካው ግን 1537 እ.ኤ.አ. አካባቢ ይቆማል፤ ኢማሙ ወይና ደጋ ላይ የሞቱት በ1543 ነው። ስለዚህ አንድ ደራሲ የኢማሙን አሟሟት ተርኮ ምንጩ ፉቱሕ ነው ካለ፣ መጽሐፉን ሳይከፍት ከሌላ ሰው ጽሑፍ ቀድቷል ብሎ መጠርጠር ይገባል። ምንጩ የተጻፈውም ከአዳል (ከኢማሙ) ወገን ሆኖ ነው። ከነገሥታቱ ዜና መዋዕል ጋር ያላስተያየው ደራሲ ግማሹን ብቻ እንደነገረን ዳሰሳው ቢጠቁም መልካም ነው።

ቦታውን ሳይረግጡ መፍረድ። የጁገልን (የድሮዋን የሐረር ከተማ) ግንብ ኢማም አሕመድ አሠሩት የሚል ዐረፍተ ነገር ዛሬም ድረስ ይታተማል። ያሠሩት ከእሳቸው ሞት በኋላ የነገሡት አሚር ኑር ናቸው። በሮቹም እንዲሁ ያከራክራሉ፤ አንዱ አምስት፣ ሌላው ስድስት ይላል። ጥንታዊዎቹ አምስት ናቸው፤ ስድስተኛው በኋላ ለመኪና የተከፈተው ነው። ግንቡን በእግር መዞር ከ3 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ በአንድ ጠዋት ይጣራል።

የሃይማኖት መጽሐፍን በሌላ ወገን ሚዛን መመዘን። የሐረር ዑለማዎች የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) መጻሕፍት በአብዛኛው በሻፊዒ መዝሀብ (የሕግ ትምህርት መንገድ) የተጻፉ ናቸው። ሌላውን መዝሀብ፣ ሐነፊን ብቻ የሚያውቅ ገምጋሚ «ተሳስቷል» የሚለው ደራሲው ሳይሳሳት ነው። በክርስቲያኑ በኩል ደግሞ የመዝሙረ ዳዊት ቁጥር ያደናግራል። «ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ ኀበ እግዚአብሔር» በግዕዙ 67፥31 ሲሆን የዕብራይስጡን ቁጥር በሚከተሉ ትርጉሞች 68፥31 ነው። ልዩነቱ 9ኛውና 10ኛው መዝሙር በአንዱ ተዋሕደው በሌላው ተለያይተው ከመቆጠራቸው የመጣ ነው። ጥቅሱን ጠቅሶ ደራሲውን ከመክሰስ በፊት የትኛውን መጽሐፍ ቅዱስ እንደያዘ መጠየቅ ይቀድማል።

ብዕር ይዞ ወደ ጥንታዊ ጽሑፍ መቅረብ። ጁገል ውስጥ ያለው የሸሪፍ ሙዚየም የቆዩ የእጅ ጽሑፎች አሉት። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ለማየት ሲፈቀድልዎ ለስላሳ እርሳስ ብቻ ይያዙ፤ ቀለም ከፈሰሰ አይመለስም። እጅዎን ታጥበው በደንብ ያድርቁ እንጂ የጨርቅ ጓንት አያድርጉ፤ የጣትን ስሜት ስለሚያደነዝዝ ገጽ ይቀደዳል። መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ሙሉ በሙሉ አይዘርጉት። ከግራና ከቀኝ ሽፋኑ ሥር አንድ አንድ የተጠቀለለ ፎጣ ያስገቡ፤ ጀርባው ላይ ያለው ስፌት ጭነቱ ይቀንስለታል። የስልክ ፍላሽ ክልክል ነው ብለው ይቁጠሩት። ፎቶ ማንሳትም ሳይጠይቁ አይሆንም።

ጓዙን ሳያስቡ ወደ ሐረር መጓዝ። ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር በ1,900 ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ቀን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ በላብ ተጠምቀው ማታ ሐረር ሹራብ ይፈልጋሉ። በሙጫ ብቻ የተጠረዘ መጽሐፍ ድሬዳዋ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ከዋለ ጀርባው ለቆ ገጽ በገጽ ይበተናል፤ ስለዚህ ከእጅዎ አይለይ። በጁገል ድንጋይ ንጣፍ ላይ የማያንሸራትት፣ ግን ማሰሪያ የሌለው ጫማ ይሻላል። መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የአደሬ (የሐረሪ) ቤት፣ ሁሉም ደጃፍ ላይ ያስወልቃሉ። ለሴቶች ሻሽ ወይም ነጠላ ሁልጊዜ ቦርሳ ውስጥ ይኑር።

መብራት ሲጠፋ ለማንበብ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ጥሩ ነው። ታይዋን ከሚባለው ገበያ ሲገዙ እዚያው አብርተው ይሞክሩት፤ ብርሃኑን መቀነስ የማይቻለው ዓይን ያደክማል። ፓወር ባንክ ላይ ብዙዎች ትልቁን ይመርጣሉ። 20,000 ሚሊአምፕ-ሰዓት የሚለው 74 ዋት-ሰዓት ነው፤ 30,000 የሚለው ግን 111 ስለሚሆን ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ የሚያልፈውን የ100 ወሰን ይሻገራል። ቁጥሩ ላዩ ላይ የተፋቀም ኤርፖርት ሊያስቀሩት ይችላሉ። ትንሹም ቢሆን በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አይገባም።