ዘመድ በስማችሁ ክሬዲት ካርድ ቢያወጣ ምን ታደርጋላችሁ?

አሜሪካ እንደገባሁ ያረፍኩት ዘመድ ቤት ነበር። ሶሻል ካርዴም (የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሬ ያለበት ካርድ) የመጣው በዚያው አድራሻ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ቤት ልከራይ ሳመለክት በክሬዲት ምክንያት አልተፈቀደም የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። የክሬዲት ሪፖርቴን፣ ማለትም የብድርና የዕዳ ታሪኬን የያዘውን ወረቀት ሳወጣ የማላውቀው ካርድ አለ። 4,300 ዶላር ዕዳ፣ ሰባት ወር ያልተከፈለ፣ አድራሻው ያ የተቀበለኝ ቤት። ወረቀቱን ይዤ ወጥ ቤት ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። ገንዘቡ ብቻ አልነበረም ያመመኝ። ኤርፖርት አበባ ይዞ የጠበቀኝ ሰው ነው።

ያኔ ያማከርኳቸው ሁሉ ያሉኝ አንድ ነገር ነው፦ «ገመናችን አደባባይ አይውጣ፣ ሽማግሌ ይግባበት።» ሽማግሌ ይግባ፣ እኔም አስገብቻለሁ። ግን ባንክ ሽማግሌ አይጠብቅም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስኪዱ።

መጀመሪያ ነገሩን ለዩት። ዘመዳችሁ ሳታውቁ በእናንተ ሶሻል አዲስ ካርድ ካወጣ የማንነት ስርቆት ነው፣ ዕዳው የእናንተ አይደለም። የራሳችሁን ካርድ ከቦርሳ አንስቶ ሳይጠይቅ ከተጠቀመበት ደግሞ በፌዴራል ሕግ ልትጠየቁ የምትችሉት ቢበዛ 50 ዶላር ነው። ያላወጣችሁትን ወጪ ስቴትመንት (ባንኩ በየወሩ የሚልከው የወጪ ዝርዝር) ላይ ካያችሁ፣ ስቴትመንቱ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ለባንኩ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ስልክ ብቻ አይበቃም። ከባዱ ሦስተኛው ነው። «ነዳጅ ሙላበት» ብላችሁ ራሳችሁ ካርዱን ሰጥታችሁት፣ ወይም ስሙን ካርዳችሁ ላይ አስጨምራችሁለት ከልክ በላይ ካወጣ፣ ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው እናንተን ነው። እዚያ ላይ ያለው መፍትሔ ዛሬውኑ ደውሎ ስሙን ማስወጣትና ካርዱን ማዘጋት ነው። «ተሰረቅኩ» ብላችሁ እንዳታመለክቱ። ውሸት ነው፣ ወንጀልም ነው።

ቀጥሎ የክሬዲት ሪፖርት አውጡ። አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ የሦስቱን የክሬዲት መዝጋቢ ድርጅቶች፣ የኢኩዋፋክስን፣ የኤክስፒሪያንንና የትራንስዩኒየንን ሪፖርት በየሳምንቱ በነፃ ማየት ይቻላል። ሦስቱንም እዩ፣ አንዱ ላይ የሌለ ዕዳ ሌላው ላይ ሊኖር ይችላል። አድራሻ የሚለውን ክፍል አትዝለሉ። እኔ ነገሩ የገባኝ እዚያ ላይ ነው። እዚያው ቁጭ እንዳላችሁ ክሬዲታችሁን ፍሪዝ አድርጉ፣ ማለትም በስማችሁ አዲስ ካርድ ወይም ብድር እንዳይወጣ አስቆልፉት። ከ2018 ጀምሮ በነፃ ነው፣ ግን ለሦስቱም ለየብቻ ነው የሚደረገው።

ከዚያ ካርዱን ወዳወጣው ባንክ ደውሉና ፍሮድ ዲፓርትመንት (የማጭበርበር ጉዳይ ክፍል) አገናኙኝ በሉ። ሂሳቡ ይዘጋ፣ ካርዱ ሲወጣ የተሞላው ማመልከቻ ቅጂም ይላክልኝ በሉ። ያነጋገራችሁትን ሰው ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ደብተር ላይ ጻፉ። እኔን የመጀመሪያው ቀን «ለጊዜው 25 ዶላር ይክፈሉና እናየዋለን» ብለውኝ ነበር። አትክፈሉ! አንድ ጊዜ ከከፈላችሁ ዕዳውን አምናችሁ እንደተቀበላችሁ ሊቆጠርባችሁ ይችላል።

አሁን አስጨናቂው ክፍል መጣ። አይደንቲቲ ቴፍት ዶት ጎቭ የሚባል የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ገጽ አለ። እዚያ ገብታችሁ የሆነውን ስትሞሉ የማንነት ስርቆት ሪፖርት ይሰጣችኋል። አንዳንድ ባንክ ከዚህ በላይ የፖሊስ ሪፖርትም ይጠይቃል። የምትፈርሙት እውነት ነው ብላችሁ ስለሆነ፣ ማን እንዳደረገው እያወቃችሁ አላውቅም አትበሉ። ዘመዳችሁ ዜጋ ካልሆነ ደግሞ በማጭበርበር ጥፋተኛ መባል የመኖሪያ ፈቃዱን አደጋ ላይ ሊጥልበት ይችላል። ይህ ከባድ ነገር ነው፣ እኔም ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጥቼበታለሁ። ፖሊስ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ። ግን ለእሱ ስትሉ ዕዳውን በስማችሁ ከተሸከማችሁ፣ ቤት ስትከራዩም መኪና ስትገዙም የሚከለክላችሁ ያው ዕዳ መሆኑን አስቡት።

የማንነት ስርቆት ሪፖርቱ እጃችሁ ሲገባ ከመታወቂያችሁ ቅጂና «ይህ ሂሳብ የእኔ አይደለም» ከሚል ደብዳቤ ጋር ለሦስቱም የክሬዲት ድርጅቶች ላኩ። በአደራ ደብዳቤ፣ ደረሰኝ ይዛችሁ። የተሟላ ማመልከቻ በደረሳቸው በአራት የሥራ ቀን ውስጥ ያንን ዕዳ ከሪፖርታችሁ ላይ የማገድ ግዴታ አለባቸው። ጉዳዩ ኮሌክሽን (ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት) ከደረሰም አትደንግጡ። ስለ ዕዳው የላኩት ዝርዝር ማስታወቂያ ከደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ «ዕዳው የእኔ አይደለም፣ ማረጋገጫ አምጡ» ብላችሁ በጽሑፍ ከመለሳችሁ፣ ማረጋገጫ እስኪያቀርቡ ድረስ መጠየቃቸውን ማቆም አለባቸው።

ሽምግልናውስ? እኛ ቤት ሦስት ትልልቅ ሰዎች ተቀመጡ። እናቱ ከአዲስ አበባ ደውላ አለቀሰች። ይቅርታ ተባለ፣ እኔም ይቅር አልኩ። ግን ከመነሳታችን በፊት አንድ ወረቀት ጠየቅኩ። «ባለቤቱ ሳያውቅ በስሙ ካርዱን ያወጣሁትም የተጠቀምኩበትም እኔ ነኝ» የሚል፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈና በእጁ የተፈረመ። አንደኛው ሽማግሌ «ይቅር ተባብላችሁ ወረቀት ምን ያደርጋል?» አሉ። «ይቅርታው ለእሱ ነው አባባ፣ ወረቀቱ ለባንኩ ነው» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና እስክሪብቶውን ራሳቸው አቀበሉት። እናንተም ሽማግሌ ስትልኩ «በየወሩ ይከፍልልሃል» በሚል ቃል ብቻ አትመለሱ። ቃሉን ካጠፈ ባንኩ የሚያውቀው የእናንተን ስም ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጆች ካሏችሁ፣ እነሱም ሶሻል አላቸው። ዕድሜያቸው ከ16 በታች ከሆነ ወላጅ በነፃ ፍሪዝ ሊያደርግላቸው ይችላል። የልደት ሰርተፊኬታቸውን፣ የሶሻል ካርዳቸውንና የራሳችሁን መታወቂያ ቅጂ አያይዛችሁ ለሦስቱም በፖስታ ትልካላችሁ። እኔ የልጄን የላክሁት የእኔ ጉዳይ በተዘጋ በሳምንቱ ነው።