በአዋሽ ዳር ወፍ ለማየት በቡድን ሲወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በየዓመቱ በመጋቢትና በሚያዝያ ሰዎች ይዤ ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ እወርዳለሁ፤ ሰዉ ቢለዋወጥም የሚሠራው ስህተት ያው ነው።

አንዱ ስህተት በጠዋት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዚያው ቀን ወፍ አያለሁ ብሎ ማሰብ ነው። መንገዱ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ቡድኑ ሲደርስ ፀሐይዋ ከርራ፣ ወፎቹም ጥላ ውስጥ ገብተው ዝም ብለዋል። መተሐራ ወይም አዋሽ ከተማ ማደርና ጎሕ ሲቀድ ወንዙ ዳር መገኘት ያስፈልጋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቆጣኝ ግን ከወንዙ አፋፍ ጫፍ ላይ ተሰልፎ መቆም ነው። ደማቅ ቀይ ላባ ያላቸው፣ ንብ በሎች የሚባሉት ወፎች በገደላማው የአፈር ዳር ከ1 ሜትር በላይ የሚዘልቅ ጉድጓድ ቆፍረው በመንጋ ይራባሉ፤ ከላይ የቆመው ሰው የሚረግጠው እንግዲህ የጎጆአቸውን ጣሪያ ነው። አፈሩ ይናዳል፣ ባይናድ እንኳ ወፎቹ ሰው እያዩ ወደ ጎጆአቸው ስለማይገቡ እንቁላሉና ጫጩቱ ያለ እናት ይቆያል። እኔ ራሴ በጀመርኩበት ዓመት ዐሥራ አራት ሰው አሰልፌ እዚያው ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል አቁሜ ነበር፤ ወፎቹ በራሳችን ላይ ሲዞሩ ሰላምታ የሰጡን መስሎን ተደሰትን። ጎጆ አጥተው እንደሚዞሩ የነገረን አብሮን የነበረው የፓርኩ ስካውት (ጠባቂ) ነው፤ ያን ቀን እስካሁን አልረሳሁትም። አሁን ቡድኔን ከስምንት ሰው አላስበልጥም፤ ንብ በሎቹንም ከማዶ ሆነን በርቀት መነጽር እናያቸዋለን።

ለስልክ ፎቶ ሲባል ወደ ወፍ መጠጋትም ከዚህ አይሻልም። በዚህ ወቅት ከአፍሪካ ደቡባዊ ክፍል ወደ አውሮፓና እስያ የሚመለሱ ወፎች በረሃ ከማቋረጣቸው በፊት በወንዙ ዳር ባለው ጠባብ የዛፍ መስመር ያርፋሉ፣ ይመገባሉም። ከዚያ መስመር ውጭ ያለው ደረቅ ሜዳ ስለሆነ የተባረረ ወፍ የሚጠጋበት ጥላ በቀላሉ አያገኝም፤ እያንዳንዱ በረራም ለጉዞው ካጠራቀመው ስብ ይቀንስበታል። የወፍ ድምፅ ከስልክ እያሰሙ መጥራትም እንዲሁ ነው፤ አይደረግም።

ጀማሪዎች ሮለር የሚባለውን ሰማያዊ ወፍ ባዩ ቁጥር አንድ ስም ሲሰጡ አልቆጣም፤ ጉጉታቸው ደስ ይለኛል። ረጅም የጅራት ክር ያለው የአገራችን ነው፣ ክር የሌለው ምናልባት ከአውሮፓ የመጣው መንገደኛ ነው፣ ደረቱ ወይን ጠጅ የሆነው ደግሞ ሌላ ነው። ክሩ ግን ሊሰበር ስለሚችል በእሱ ብቻ አይፈረድም።

ወንዙ አዞ ስላለበት ፊት ለመታጠብ እንኳ ዳሩ ላይ አይጎነበሱ። እዚህ ፀሐይ ቢሆንም በአርሲ ደጋ በልግ ሲጥል ገባሮቹ ወደ አዋሽ ይወርዳሉና፣ ውኃው በድንገት ሲደፈርስና እንጨት ሲያንሳፍፍ ካዩ መነጽሩን ሰብስበው ቡድኑን ወዲያውኑ ከፍ ወዳለ ቦታ ያውጡ።