የሚያፈስ የቮልስ ካርቡራተርን የሚያባብሱ ስህተቶች

ቮልስ ቤንዚን ቤንዚን መሽተት ሲጀምር ሁሉም ካቻቢቴ ያነሳል። መጀመሪያ መነሳት ያለበት ግን ደረቅ ጨርቅ ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው በ1600 ሞተር ላይ ስለሚገኘው ሶሌክስ 34 ፒክት-3 ካርቡራተር ነው፤ በ30 ፒክት ላይም ነገሩ በአብዛኛው ያው ነው።

ቦታውን ሳይለዩ መፍታት

ካርቡራተሩን ጠርገው ያድርቁት። የዱቄት እሳት ማጥፊያ አጠገብዎ ያስቀምጡ። ከዚያ ሞተሩን በሚኒሞ እያሠሩ የመጀመሪያው እርጥበት ከየት እንደሚወጣ በባትሪ ይመልከቱ። ቤንዚኑ መሬት እስኪደርስ እየፈሰሰ ከሆነ ግን ጭራሽ አያስነሱት። የነዳጅ መስጫው ዘንግ ሁለት ጫፎች ከረጠቡ ጎድጓዳው (በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚጠራቀምበት ክፍል) ሞልቶ ወደ ጉሮሮው (አየር ወደሚያልፍበት ቀዳዳ) እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። በጎን በኩል በአራት ብሎን ከታሰረው ክዳን ሥር ከመጣ የማፍጠኛው ፓምፕ ዲያፍራም (ስስ የጎማ ሽፋን) ደርቋል ወይም ተቀዷል፤ እሱን ብቻ መቀየር ይበቃል። አሮጌ ዲያፍራም ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ሲነካው ቶሎ ይበላሻል፤ ስለዚህ ከመጋዘን የወጣ የዱሮ ዕቃ አይግዙ።

ሲሊኮን

ይህን ስህተት ያልሠራ ጋራዥ ማግኘት ከባድ ነው። ከላይኛው ክዳን ጋስኬት ሥር ቤንዚን ሲወጣ ዙሪያውን ሲሊኮን ይቀባል፣ አንድ ቀን ያህል ይደርቃል፣ መኪናው ይሄዳል። ሲሊኮን ቤንዚን አይችልም። ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ እየተቆረሰ ወደ ጎድጓዳው ይወድቃል። ቁራጩ ዋናውን ጄት (ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀጭን ቀዳዳ) ወይም የሚኒሞውን ጄት ይደፍናል። መርፌው (ፍሎት የሚባለው ተንሳፋፊ ሲነሳ የቤንዚኑን መግቢያ የሚዘጋው) ሥር ገብቶ ከተቀመጠ ደግሞ ቫልቩ አይዘጋም፤ ስለዚህ ማፍሰሱ ከበፊቱ ይብሳል። ባለቤቱ በሳምንቱ ተመልሶ ሲመጣ «ካርቡራተሩ አርጅቷል» ይባልና ደህናው ተጥሎ ሌላ ይገዛል። ዋናው ጥፋት ደግሞ ከዚህም ይቀድማል፤ በጎድጓዳው ያለው ቤንዚን በትክክለኛው ከፍታ ከቆመ ጋስኬቱ ጋ አይደርስም። እዚያ ከደረሰ ትርፍ ቤንዚን እየገባ ነው። መውጫውን ቢደፍኑት በሌላ በኩል ይወጣል። የሚታከመው መግቢያው ነው።

መርፌውን እየቀያየሩ ፓምፑን አለመፈተሽ

አዲስ መርፌ ተገጥሞም ማፍሰሱ ከቀጠለ የቤንዚን ፓምፑን ግፊት ይለኩ። ሶሌክስ የሚፈልገው ከ0.2 እስከ 0.25 ባር ገደማ ነው፤ በቅርብ ጊዜ የተሠሩ ብዙ ምትክ ፓምፖች ከዚህ በላይ ይገፋሉ፣ መርፌውንም ከመቀመጫው ያነሱታል። ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግም ሁለት ዓይነት ነው፦ ዲናሞ ላላቸው ቀደምት ሞተሮች 108 ሚሊ ሜትር፣ አልተርኔተር ላላቸው 100 ሚሊ ሜትር። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ፓምፑን ይሰብራል ወይም ግፊቱን ያንረዋል። ፓምፑን አውርደው ሞተሩን በእጅ ያዙሩት፤ ዘንጉ ከፍ ብሎ ሲቆም ከፓምፑ መቀመጫ ላይ 13 ሚሊ ሜትር ያህል መውጣት አለበት። ከበለጠ ከፓምፑ ሥር የወረቀት ጋስኬት ይጨምሩ።

የመርፌውን ሮንዴላ መርሳት

ከመርፌው ቫልቭ ሥር የሚገባው ሮንዴላ (ጠፍጣፋ ቀለበት) ከሌለ ቤንዚኑ በጥርሱ በኩል ያልፋል፤ መርፌው ቢዘጋም ዋጋ የለውም። የሮንዴላው ውፍረት የቤንዚኑን ከፍታም ይወስናል፦ ሲወፍር ከፍታው ይወርዳል፣ ሲሳሳ ይጨምራል። በ34 ፒክት-3 መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ጥቂት ሠርቶ ጠፍቶ፣ ክዳኑና ጋስኬቱ ሲነሱ፣ ቤንዚኑ ከጎድጓዳው ጠርዝ ከ17 እስከ 19 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ መገኘት አለበት። የፕላስቲኩን ፍሎት ክንድ አጣሞ ለማስተካከል መሞከር ትርፉ መስበር ነው።

መርፌውን ለመፈተን ክዳኑን ገልብጠው በመግቢያው ቱቦ በቀስታ ይንፉ፤ አየር ማለፍ የለበትም። ፍሎቱን ሙቅ ውኃ ውስጥ ይድፈቁት፤ አረፋ ካወጣ ተበስቷል፣ ቤንዚን ጠጥቶም ይሰምጣል። የፍሎቱን ዘንግ የሚይዘውን ትንሽ መያዣ ሳይመልሱ የሚዘጉ ጀማሪዎች ብዙ ናቸው።

የክዳኑን ብሎኖች ከልክ በላይ ማጥበቅ ክዳኑን ያጣምመዋል፤ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጠው ካወዛወዘ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ያስተካክሉት።

የናሱን ቱቦ ማወዛወዝ

ቤንዚን የሚገባበት የናስ ቱቦ ክዳኑ ውስጥ የገባው ተጠቅጥቆ ብቻ ነው። በላዩ የተገጠመውን የቤንዚን ጎማ በፒንሳ እየጠመዘዙ መንቀል ቱቦውን ያላላዋል፤ ከዚያ አንድ ቀን በመንገድ ላይ ይወጣና ፓምፑ ቤንዚኑን በጋለው ሞተር ላይ ይረጫል። የቮልስ ሞተር አካል የማግኒዥየም ቅይጥ ነው፤ አንዴ ከተያያዘ ውኃ ያባብሰዋል። ስለዚህ ያረጀውን ጎማ በምላጭ በቁመቱ ሰንጥቀው ያውጡት፣ ቱቦውን በጣትዎ ይፈትኑት፣ ከተነቃነቀ በጥርስ የሚታሰር ያስገጥሙ። የፕላስቲክ ማጣሪያም ከሞተሩ በላይ አይንጠልጠል፤ ክብደቱ ይህንኑ ቱቦ ይጎትታል። ጎማው የውስጥ ስፋቱ 5 ወይም 5.5 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ሰፊውን ገዝቶ በፋሼታ ማነቅ ጎማውን ያጨማድደዋል እንጂ አይዘጋም።

ሙቀትን እንደ ብልሽት መቁጠር

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ቤንዚን እዚህ ቶሎ ይተናል። የጋለ ሞተር ሲጠፋ በጎድጓዳው ያለው ይፈላና ወደ ጉሮሮው ጥቂት ሊንጠባጠብ ይችላል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲሠራ ደረቅ ከሆነ መርፌውን ከመቀየርዎ በፊት ትኩስ አየር የሚከለክሉት የሞተሩ ዙሪያ ቆርቆሮዎችና ጎማዎች ሙሉ መሆናቸውን ይዩ።

ዘይቱን ሳያዩ ማስነሳት

ካርቡራተሩ ሲሞላ የተረፈው በማኒፎልዱ ወርዶ ወደ ሲሊንደር፣ ከዚያም ወደ ዘይት ይገባል። የዘይቱን መለኪያ አውጥተው ያሽትቱ። ቤንዚን ከሸተተ ወይም ከላይኛው መስመር ካለፈ 2.5 ሊትሩን በሙሉ ይቀይሩ። ጎድጓዳው ለረጅም ሰዓት ሲፈስ ካደረ ደግሞ ካንዴላዎቹን ፈትተው፣ የማቀጣጠያውን ሽቦ ነቅለው፣ ሞተሩን በእጅ ያዙሩት። ሲሊንደር ውስጥ የተጠራቀመ ቤንዚን አይጨመቅም፤ በሞተሪኖ ከተገፋ ቢየላውን (የፒስተኑን ክንድ) ያጣምማል።