ሦስቱ ጥቁር ነጥቦች ከየት መጡ?

ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ሰርግ አነሳለሁ። በቅርቡ ያገለገለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገዛሁ። ማታ የስልኬን መብራት ከኋላው አብርቼ ሳየው ክው አልኩ። ውስጡ የጤፍ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል።

በማግስቱ ፎቶዎቼ ላይ፣ ሰማዩ ጋ፣ ሦስት ጥቁር ነጥቦች። ሌንሱን ልፈታ ካቻቢቴ ሁሉ አንስቼ ነበር። ደግነቱ ቀድሜ ሞከርኩት። ነጭ ግድግዳ በኤፍ 16፣ ማለትም የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ በጣም አጥብቤ አነሳሁ፤ ነጥቦቹ አሉ። ቀዳዳውን በሰፊው ከፍቼ በኤፍ 1.8 ሳነሳ ጠፉ። ሌላ ሌንስ ገጥሜ በኤፍ 16 ደገምኩት፤ እዚያው ቦታቸው ላይ ናቸው! አቧራው ያለው የካሜራው ሴንሰር፣ ማለትም ምስሉን የሚቀበለው ክፍል ላይ ነው። በዚህ በጋ መንገድ ዳር ቆሜ ሌንስ ስቀይር ነው የገባው።

ባትሪውን ሞላሁ። ከሜኑው የሴንሰር ማጽጃውን መርጬ ከሴንሰሩ ፊት ያለው መስታወት ሲነሳ፣ የካሜራውን አፍ ወደ መሬት ደፍቼ በላስቲክ መንፊያ አራት አምስቴ ነፋሁበት። ጫፉን ወደ ውስጥ አላስገባሁም። በአፍ እፍ ማለት ፈጽሞ አይሞከርም፤ ምራቅ ይረጭበታል። ነጥቦቹ ለቀቁ።

የሌንሱን አቧራ እንዳለ ተውኩት። ፎከስ ውስጥ ስለማይገባ ፎቶ ላይ አይታይም። ብዙ ከሆነ ፀሐይ ፊት ለፊት ሲመታው ፎቶውን ያደበዝዘዋል እንጂ። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካያችሁ ግን ሻጋታ ነው፤ ያንን አትግዙ።